አምስቱም ከሰሙ በኋላ

ሙሉዬ በወንድሟ ማዕድ ቤት ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ከሳሎን የእናቷን ድምፅ ሰማች። ወይዘሮ አሰለፈች ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው ግን የጎልማሳ ሴት ድምፅ ነው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሕዝብ ፊት የቆመ ሰው ድምፅ። መጀመሪያ ደስ አላት። ቢላዋዋን እንደያዘች ወደ በሩ ጠጋ ብላ አዳመጠች። "ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመስክር" አሉ እናቷ። "ልጄ ሙሉ ሳትዳር አርግዛ አንገቴን አስደፍታኝ ነበር። ከቤት መውጣት አቅቶኝ ነበር። ጌታ ግን አልተወኝም፤ ሕፃኑን ወሰደልኝ፣ ነውሬን ከደነልኝ። ስሙ ይባረክ!" ከዚያ አሜን ነው፣ ጭብጨባ ነው፣ እልልታ ነው። የአዳራሽ ሙሉ ሴት እልልታ! ሌሎቹ ሲጨርሱ አንዲት ሴት ብቻዋን ትቀጥላለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርት ያለ እልልታ፣ ትንፋሽ የሚባል ነገር የማያስፈልጋት ይመስል። ሙሉዬ ባለችበት ክው ብላ ቀረች።

"የእማማን ድምፅ ሰማሽው?" እያለች የወንድሟ ሚስት ሊዲ እየሳቀች ገባች። ሊዲ የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ወደዚህ ቤት የመጣችው ነገሩ ሁሉ ተዳፍኖ ከቀረ በኋላ ነው። "ምን የመሰለ ድምፅ ነበራቸው በናትሽ! ሚኪ እኮ ካሴቶቹን ሲያጸዳ ነው የሰነበተው፣ የቴፑን ሽርሽርታ ሁሉ አወጣለት" አለችና የሙሉዬን ፊት አየች። አሁን ገና የተባለውን መልሳ በልቧ የሰማችው መሰለ፤ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ወደ ምድጃው ዞር ብላ የድስቱን ክዳን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመች። "ሽንኩርቱን ስንት ገዛሽው?" አለች። "ዘጠና።" "ዘጠና! ኧረ እነዚህ ሰዎች ሊገድሉን ነው! ባለፈው ሳምንት ስድሳ አልነበር እንዴ?" "ነበር" አለች ሙሉዬ። የከተፈችውን ሽንኩርት ለሊዲ አቀበለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙሉዬ ወንድም ሚኪያስ እዚሁ አዳማ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ በዚያ ላይ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ማኅበር አቋቁሟል፣ ወይም ሊያቋቁም ዓመት ሙሉ ደፋ ቀና ሲል ከርሟል። የእነሱ ቤተክርስቲያን የድሮ ካሴቶች፣ የሞጆዋ ፎቶ ቤት አሮጌ ፊልሞች፣ የአርሲ ነገሌ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጦች፣ የአቦምሳው ትምህርት ቤት ፋይሎች፣ የአዳማው ሰንበት ትምህርት ቤት ብራናዎች፣ ሁሉም በየቤቱ አቧራና ምስጥ እየበላቸው ነበር። ሚኪያስ ሁሉም ወደ ኮምፒውተር ይገልበጡ፣ አምስቱም አባላት የአምስቱንም ቅጂ ይያዙ አለ፤ አንዱ ጋ ጎርፍ ቢገባ ወይ እሳት ቢነሣ ሌሎቹ አራቱ ጋ ይገኛል። ሐሳቡ ማለፊያ ነው፣ ማን ይጠላዋል? ጭቅጭቁ የመጣው ማን ይሰብስብ፣ ማን ይምራ፣ ማን ከማን ሥር ይሁን ላይ ነው። የአዳማ ሰው ሊቀመንበር ቢሆን ነገሌ ያኮርፋል፤ የቤተክርስቲያን ሰው ቢሆን ሞጆ ቅር ይላታል። ለምሳ ሥጋ ቢሠራ የማን እጅ ያረደው ይሁን የሚል ስለመጣ ሽሮ እንዲሆን ተወሰነ፤ ይህም ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ ጸደቀ። ሚኪያስ መተዳደሪያ ደንብ ከየት ያምጣ? የእድሩን ደንብ ወሰደና ቀብር የሚለውን በቅጂ፣ ድንኳን የሚለውን በሃርድ ዲስክ እየተካ ጻፈው። የቀረ አባል መቀጫ ሳይቀር እንዳለ ገባ። ሰዉም የቅጂ እድር ብሎ ጠራውና ስሙ ያው ሆኖ ቀረ።

የሰፈሩ እድር ደንብ ውስጥ አንድ ጥሩ አንቀጽ ነበረች፤ የአባል ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይታይና ዳኞቹ ሁሉ ሳይስማሙ አባል ከመዝገብ አይሰረዝም ትላለች። ለድሃ መከታ የሆነች አንቀጽ ናት፤ ስንቱን መበለት ከግልምጫ አድናለች። ሚኪያስ እሷን ወስዶ ማንኛውም ቅጂ በአምስቱም አባላት ፊት ተከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይደመጥ፣ አምስቱም ሳይስማሙ አይሰረዝም ብሎ ጻፈ። ሁሉም አጨበጨበ። ማንም ቢሆን ያጨበጭባል፣ ሙሉዬም ብትኖር ታጨበጭብ ነበር።

እጇን ታጥባ ሳሎን ገባች። ሚኪያስ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ሽቦ እየጠቀለለ ነበር።

"አጥፋው" አለችው።

"የቱን?"

"አታስመስል ሚኪያስ።"

ሽቦውን አስቀመጠ። ከሦስት መቶ በላይ ካሴት እንዳጸዳ፣ የሚያዳምጠው ለድምፁ ጥራት እንጂ ለቃሉ እንዳልሆነ፣ አሁን ማጉያውን ሊሞክር ሲከፍተው ልቡም እዚያ እንዳልነበረ ነገራት። ይሆናል፣ አይዋሽም። ያኔ እሱ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ለእረፍት ሲመጣ ሁሉም ነገር አልቆ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ሙሉዬ ወደ ትምህርት ተመልሳ አገኘ። ስለ ሕፃኑ በዚያ ቤት አንድም ቀን አልተነሣም። እናቷን አራት ዓመት አልጋ ላይ ስታስታምም፣ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ወይዘሮ አሰለፈች አንድም ቀን አላነሡባትም፤ እሷም አላነሣችም። አሁን ወንድሟ ጣቱን እያፍተለተለ "ሙልዬ፣ እኔ ጋ ያለውን ባጠፋው ዋጋ የለውም" አለ። "ቅጂው ባለፈው ስብሰባ ለሁሉም ተሰጥቷል። በየሳምንቱ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ጋ የጠፋውን ከሌሎቹ አራቱ አምጥቶ ይሞላዋል። እንዲህ አድርጌ ነው የሠራሁት።"

"ታዲያ አንተ የሠራኸውን ማፍረስ ያቅትሃል?"

"እንዳላፈርሰው አድርጌ ነው እኮ የሠራሁት" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች፣ ወዲያው ደግሞ አፈረባት። ከዚያም የባሰውን ነገራት። ዛሬ በማኅበሩ ጉባኤ የሚጸድቀው ማን ይስማው የሚለው አንቀጽ ነው። ከጸደቀ ከሰኞ ጀምሮ የአራቱ ከተማ ተማሪ ሁሉ ገብቶ መስማት ይችላል። ማስሰረዝ ከተፈለገ ዛሬ ጉባኤው ፊት አቤት ማለት ነው፤ አቤት ከተባለ ደግሞ ይከፈታል፣ አምስቱም ይሰሙታል። ሙሉዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሊዲ በር ላይ ቆማ "ሽሮው ደርሷል" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ባጃጁ ከሰፈራቸው ከፍራንኮ እስከ አዳራሹ መቶ ሃምሳ ጠየቀ፤ ድስት ስላለበት ነው አለ፣ ድስት እንደ ሰው ይከፍላል እንዴ! ሚኪያስ ሳይከራከር ከፈለ። ሙሉዬ ድስቱን በፎጣ አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች፤ በየጉድጓዱ ሽሮው ሲንገጫገጭ በጉልበቷ ትደግፈዋለች። እናቷ ያሉት ቃል አይደለም ያቃጠላት፤ እናቷን ታውቃቸዋለች፣ ሰው ምን ይለኛል ብለው የኖሩ ሴት ናቸው፣ ያንን ቃል ከልጅነቷ ጀምራ በዝምታቸው ውስጥ ሰምታዋለች። ያቃጠላት እልልታው ነው። ያን ቀን እዚያ ነበረች፣ ከፊት ወንበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ። ልጇ ከተቀበረ ሳምንት አልሞላውም፣ ጡቷ ገና ያግታል፤ ወተቱ በቀሚሷ ላይ እንዳይታይ ነጠላዋን አጥፋ ደርባለች። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያውቃት የነበረ፣ ያሳደጋት፣ ሕፃኑ ሞተ ሲባል እልል አለ። ሕፃኑ ጣቷን ጨብጦ ይይዛት ነበር። ይህን ለማን ትናገር? በእሱ ስም በዓለም ላይ የቀረ ነገር ቢኖር ያ እልልታ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ወንድሟ ሽርሽርታውን አጽድቶ በአምስት ቦታ አስቀመጠው።

አዳራሹ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነበር፣ ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመው። ሊቀመንበሩ አቶ ጋሮምሳ የነገሌ ቤተ መጻሕፍት ጡረተኛ ኃላፊ ናቸው፤ ከነገሌ አዳማ ትራንስፖርት ስንት እንደገባ ለየመጣው ሰው ይነግራሉ። ፈውዚያ የሞጆዋ ፎቶ ቤት ባለቤት ልጅ ናት፣ ቀልጠፍ ያለች፣ ሁለት ስልክ የያዘች። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መሪጌታ ተክለሃይማኖት መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ደንቡን በእርሳስ እያሰመሩ ያነባሉ። ከአቦምሳ የመጣችው አስተማሪዋ ጂቱ አንድ ፌስታል ማንጎ ይዛ መጥታ ለሁሉም አደለች፤ "አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ" እያለች ጠረጴዛውን ዞረች፣ ሙሉዬንም አቅፋ ሳመቻት። አምስተኛው ድምፅ፣ የቤተክርስቲያናቸው፣ የሚኪያስ ራሱ ነው። እንግዲህ አምስት ሰው ነው። እናቷ ያኔ የነገሩት ለስንት መቶ ሰው ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ረስቶታል፣ ሞቷል፣ ሀገር ለቋል። እነዚህ አምስቱ ዛሬ ነው የሚሰሙት።

ሚኪያስ አንገቱን ደፍቶ አንድ የስረዛ አቤቱታ እንዳለ ተናገረ። አቶ ጋሮምሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ሙሉዬ ተነሥታ ቆመች፤ ለመናገር ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። "እናቴ ስለ እኔ የተናገረችው ነው" አለች። "ለእኔ ክፉ ነገር ነው። ባይከፈት ደስ ይለኛል። እኔው ልንገራችሁ፣ እንደሰማችሁ ቁጠሩት።"

መሪጌታ ወዲያው "ይበቃል፣ ይበቃል" አሉ። "ልጄ፣ እኛ ስንት ሰምተን በሆዳችን የያዝን ሰዎች ነን። ባለጉዳይዋ ክፉ ነው ካለች ክፉ ነው። ለምን ትሰቃያለች?" ሙሉዬ ልቧ መለስ አለ። ሚኪያስም ቀና አለ። ፈውዚያ ግን ስልኮቿን ገልብጣ አስቀመጠችና፣ በጭካኔ ሳይሆን እንደ ማባበል አድርጋ፣ የአባቷን ፊልሞች አስታወሰቻቸው። የሞጆ ሹፌር ሁሉ፣ ሙሽራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። አጎቷ ሱቁን ሊያከራይ ሲል ማንንም ሳይጠይቅ ግማሹን ለቆሻሻ ጫኚ ሰጠው። "ዛሬ ለእህታችን ሳንሰማ እንሰርዛለን። ነገ አንዱ ባለሥልጣን መጥቶ ይቺ ለእኔ ክፉ ናት ሲለንስ? አልሰማንም፣ ግን ሰረዝን እንበል?" እውነቷን ነዋ! የእነሙሉዬ ቤተክርስቲያንም ለሁለት በተከፈለች ጊዜ አንዱ ወገን በሌላው ስብከት ላይ መዝሙር ቀድቶበት የለም? ሚኪያስ አንቀጹን እንዲወስድ ያደረገው ይኸው ነው። ሙሉዬ ራሷ ያን ጊዜ ስንቱ ካሴት ጠፋ ብላ ያለቀሰች ሰው ናት። አቶ ጋሮምሳ ወደ እሷ ዘንበል ብለው "ምን ይሻላል እህቴ? ይከፈት ወይስ አቤቱታው ይነሣ?" አሉ።

"ይከፈት" አለች።

ተከፈተ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነውና መጀመሪያ መዝሙሩ፣ ከዚያ ማስታወቂያው፣ ከዚያ ከየገጠሩ ለጉባኤ የመጡ እንግዶች አቀባበል። ሙሉዬ ቁጭ ብላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የማንጎ ልጣጭ ታያለች። እናቷ ተናገሩ። በእነዚያ በጥቂት ቃላት ጊዜ ማንም ወደ እሷ አላየም፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም የሚያይበት ነገር ፈለገ። ከዚያ እልልታው ግድግዳውን ሞላው፤ አልቆም ያቺ አንዲት ሴት ብቻዋን ቀረች፣ ቀጭን፣ ረጅም። በዚህ ጊዜ ነው ጂቱ አፏን በእጇ የያዘችው። "ሃርሜ!" አለች። ሁሉም ዞሩ። "ሃርሜ ኮ! እናቴ ናት! ወላሂ... ኧረ ምን ልበል፣ ጌታን! እናቴ ናት!" እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ ትስቃለች ደግሞ። መርቲ ወረዳ ውስጥ ያቺን እልልታ የማያውቅ አልነበረም አለች፤ ሠርግ ላይ ሁሉም ጨርሶ እሷ ትቀራለች፣ ሕፃናት ትንፋሿን ይቆጥሩላት ነበር። ለጉባኤ አዳማ ስትመጣ ትዝ ይላታል። ፎቶ እንኳ የላትም፤ አንድ ነበራቸው፣ ቤቱ ሲያፈስስ ተበላሸ። ድምፅማ ማን ይቀዳላት? "ከሞተች ሃያ ዓመት ሙሉ ልሰማት ስመኝ..." አለችና፣ የት እንዳለችና የተሰበሰቡት ለምን እንደሆነ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ወደ ሙሉዬ ዞረች።

አቶ ጋሮምሳ ይሰረዝ የሚል እጁን ያውጣ ከማለት በቀር ምን ያድርጉ? መሪጌታ እጃቸውን አወጡ። ፈውዚያ አወጣች፣ ዓይኗን ጠርጋ። አቶ ጋሮምሳ አወጡ። ሚኪያስ አወጣ። ጂቱ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ግማሽ መንገድ ላይ መልሳ አወረደችው። "አልቻልኩም" አለች። "እህቴ ይቅር በይኝ፣ እጄ እንቢ አለኝ።" ሚኪያስ እንደ መምህርነቱ መላ አመጣ፤ የእናታቸው ንግግር ይቆረጥ፣ እልልታው ይቆይ፣ ሁለቱም ወገን ይጠቀም አለ። ሁሉም እፎይ ብለው ወደ ሙሉዬ ዞሩ። ሙሉዬ ወንድሟን አየችው። አንድ እናት የወለዳቸው፣ አንድ ቤት ያደጉ፣ ከሁሉም ሰው ይልቅ ሊያውቃት የሚገባው እሱ፣ የቱ እንደሚያማት አያውቅም። እንዴትስ ይወቅ? ነግራው አታውቅም። አሁን በእንግዳ ፊት፣ እናቷን ሰምታ በደስታ በምታለቅስ ሴት ፊት፣ የእናቴ ቃል ይቆይ፣ የእናትሽን እልልታ ነው የማልፈልገው ትበል? "እንዳለ ይቀመጥ" አለች። አቶ ጋሮምሳ አቤቱታው አለመጽደቁን አስመዝግበው ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፉ። ማን ይስማው የሚለው በጭብጨባ ጸደቀ፤ ከሰኞ ጀምሮ ለሁሉም።

ምሳ ላይ ሽሮው ተወደሰ። መሪጌታ እንዲህ ያለ ሽሮ ከበሉ መቆየታቸውን ተናገሩ፣ ፈውዚያ በርበሬው የት እንደተገዛ ጠየቀች፣ አቶ ጋሮምሳ የሽንኩርት ዋጋ ነገሌ እንደሚሻል አወሩ። ሚኪያስ እህቱ ሳህን ስታነሣ ሊያግዛት ተነሣ፣ እጇን ሊይዝ ፈልጎ ሳህኑን ያዘ። "ሙልዬ..." አለ። "ውኃ አምጣላቸው" አለችው። ሄደ።

ሳህኑን ከጓሮ ቧንቧ ስታጥብ ጂቱ መጣች። ትንሽ ቆማ ከጎኗ ቁጭ ብላ የታጠበውን እየተቀበለች ትደረድር ጀመር። "እናቴ አማርኛ አትሰማም ነበር" አለች። "አንድ ቃል። የሚተረጉምላት ካገኘች አገኘች፣ ካላገኘች ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሰው እልል ሲል እልል ትላለች። ደስታ መስሏት ነው እህቴ፤ ብታውቅ አታደርገውም ነበር።"

ሙሉዬ ብርጭቆውን አለቀለቀች። አመነቻት። ከዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ምንም ያላወቀች አንዲት ሴት ነበረች፤ እስከ ዛሬ በሕልሟ ጭምር ስትጠላ የኖረችው ያቺኑ ነው። "ሌሎቹስ?" አለች። "ሌሎቹ አማርኛ ይሰሙ ነበር።"

ጂቱ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ፣ ለልመና በሚሆን ድምፅ፣ ልትነግራት የፈራችውን ተናገረች። የአቦምሳው ኮምፒውተር መብራት ከሄደ ወዲህ እንቢ ብሏል፤ መቼ እንደሚሠራ አይታወቅም። ወደ አቦምሳ የምትመልሳት መኪና ደግሞ አሁን ትሄዳለች። ሚኪያስን አንድ ጊዜ ብቻ ክፈትልኝ ብትለው፣ ደንቡ የሚሠራው ከሰኞ ነው፣ እስከዚያ ያለ ባለጉዳይዋ ፈቃድና ባለጉዳይዋ ሳትኖር አልከፍትም አላት። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለሙሉዬ የተረፈላት ሥልጣን ይህ ነው፤ እስከ ሰኞ እንቢ ማለት። ውስጧን ፈለገች፣ ቁጣ ፈለገች፣ በዚህች ሴት ላይ የምታወርደው የሚሆን አላገኘችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ነይ" አለቻት።

ሚኪያስ ወንበር አቀረበላቸው። እልልታው ላይ አድርጎ ከፈተው። ጂቱ ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን ወደ ማጉያው አስጠግታ፣ ከእናቷ ጋር ትንፋሿን ያዘች። ሲያልቅ "ድገምልኝ" አለች፤ ደገመላት። እንደገና አለች፤ ደገመላት። ሙሉዬ አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች፣ ባለጉዳይዋ መኖር አለባትና። በመጨረሻ ጂቱ ተነሥታ በሁለት እጇ የሙሉዬን ፊት ይዛ ግንባሯን ሳመች። "እናቴን ሰጠሽኝ" አለች። "ጌታ የልብሽን መሻት ይስጥሽ። ልጅ ይባርክልሽ።"

"አሜን" አለች ሙሉዬ፤ ለምርቃት ሌላ ምን ይባላል።